የጭድ ቤትና የይርጋነሽ እግር

ይርጋነሽን የማያውቅ የቢቸና ሰው ካለ ቤቱ የብሎኬት ነው ማለት ነው። የቀረነው ሁላችን የምንኖረው እሷ በረገጠችው ጭቃ ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃ ስታቦካ፣ ግድግዳ ስትመርግ፣ ወለል ስትለቀልቅ ኖራለች። እኔ የኔሰው እባላለሁ፤ አናጢ ነኝ። እንጨቱን እኔ አቆማለሁ፤ እኔ ስጨርስ እሷ ትቀጥላለች። ሰው ቤቱን ሲያመሰግን ታዲያ «የይርጋነሽ ግድግዳ» ይላል እንጂ «የየኔሰው ማገር» ሲል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ማገሩ በጭቃ ይሸፈናላ! ይህን እያነሳሁ ስነጫነጭባት ትስቅብኝ ነበር።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ስርጉት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። በእኛ አገር ሴት ግድግዳ ትለቀልቃለች፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ዋናውን ጭቃ መርገጥ ግን የወንድ ሥራ ነው። ይርጋነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። መጀመሪያ ሳቁባት። ቆይተው ግድግዳዋ ሳይሰነጠቅ ሁለት ክረምት ሲያልፍ ወረፋ ይይዙላት ጀመር።

ሌላው ሰው አፈርና የጤፍ ጭድ ደባልቆ ሦስት ቀን ካሳደረ ደርሷል ይላል። እሷ ዘጠኝ ቀን ታሳድረዋለች። በየቀኑ በባዶ እግሯ እየገባች ትረግጠዋለች፤ ጭዱ ጣቶቿን መውጋት ያቆመ ዕለት፣ ጭቃው የጠላ ድፍድፍ ዓይነት ሽታ ያመጣ ዕለት፣ ያኔ «አሁን ይለጠፍ» ትላለች። ቡትስ አድርጊ እንጂ ብላት «ቡትስ ምን ይሰማዋል?» ትለኛለች። ለስርጉት ግን ልጅቱ ዳዴ ማለት ካቆመችበት ጊዜ ጀምሮ ጫማ ጎድሏት አያውቅም። እናትየው ከዚያ ሁሉ ጭቃ ያተረፈችው ነገር ቢኖር የልጇን ጫማና ትምህርት ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ግራ እግሯ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቿ መሃል ያሳክካት ነበር፤ ቀጥሎ የእግሯ ጀርባ ተነፋ፤ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚት ወጣ። በየጥቂት ወሩ ሲነሳባት ብሽሽቷ ያብጣል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ሁለት ቀን ትተኛለች። ረጅም ቀሚስ ማድረግ ጀመረች፤ እግሯንም በጨርቅ ትጠቀልላለች። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ወንዝ ዳር ስትታጠብ ሳላስበው ደረስኩባትና አየሁት። ደነገጥኩ፤ እሷ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ደነገጠች።

«የኔሰው፣ በሚካኤል ማልልኝ» አለች። «ለማንም ላትናገር ማልልኝ።»

ማልኩላት። ለምን እንዳስማለችኝ ማንም የአገራችን ሰው ያውቃል። ዝሆኔ የዘር በሽታ ነው ይባላል። የእናት እግር ካበጠ የልጅ ልጅ ድረስ ይሄዳል ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ካለበት ቤት ልጅ የሚጠይቅ የለም። ስርጉት ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ስርጉት አደገች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ቢቸና ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። እዚያ ሽመክት የሚባል የሞጣ ልጅ አየችው፣ አያት። የግብርና ባለሙያ ነው፤ ወደ ቢቸና ተዛውሮ ወረቀት ለማባዛት ሲመላለስ ወረቀቱ ከሚገባው በላይ በዛ። አባቱ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ሞጣ ላይ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቤታቸው የተከበረ ቤት ነው። ሽማግሌ ተላከ። እንደ ደንባችን ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከወገናችሁ በእግር፣ በቆዳ የሚታመም አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ከወገኔ የለም» አለች ይርጋነሽ።

እውነቷን ነው፤ ከእናቷም ከአባቷም ወገን እግሩ ያበጠ ሰው አልነበረም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ መሬት መሬት አየሁ። ሰርጉ ለጥር መጨረሻ ተቀጠረ።

እናትየው ለልጇ የምትሰጠው ሌላ ሀብት ስለሌላት፣ በግቢዋ ባዶ ቦታ ላይ ቤት ልትሠራላት ቆረጠች። ሽመክት ደግሞ አንድ ነገር ይዞ መጣ። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ፣ ሲሚንቶ ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ ሲመጣ እንደ ወርቅ ሆኗል፤ ስለዚህ በሥልጠና ያየውን የጭድ ቤት እንሥራ አለ። ጭዱ በሳጥን ውስጥ ተረግጦ ይታሰራል፤ እስሩ በቋሚዎቹ መሃል እንደ ጡብ ይደረደራል፤ ከውስጥም ከውጭም በጭቃ ይመረጋል። ክንድ ሙሉ የሚወፍር ግድግዳ ይሆናል፤ የቢቸናን ብርድ አያስገባም።

«ይሄማ የላም ቀለብ ነው» አልኩት። «አንድ ቀን የሰው በሬ ገብቶ ሳሎናችሁን ይበላዋል።»

ልጁ ሳቀ። ይርጋነሽ ግን አልሳቀችም፤ አንዱን እስር ጭድ አንስታ አገላበጠችው፣ በእጇ ጫን ጫን አደረገችው። «ጭቃው ጭዱ ውስጥ መግባት አለበት» አለች። «ላዩ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ውሃ ሰርጎ ያበሰብሰዋል። ጥሩ ጭቃ ካገኘ ግን ይሄ ቤት በዕድሜ ከእኛ ይበልጣል።» ዓይኗ ላይ ደስታ አየሁ። እኔም ተሸነፍኩ። ለማዕዘኖቹ ጥድ ፈልጌ አመጣሁ፤ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹን እግር ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ለብልቤ ቀበርኩ፤ ለጭዱም ማሰሪያ ሳጥን ሠራሁ። የአዲሱ ጤፍ ውቂያ ሲያልቅ ጭዱን ረግጠን በቃጫ ገመድ አሰርን። ጣሪያው በሣር ተከደነ። የቀረው ጭቃው ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን እግሯ ክፉኛ ተነሳባት። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሃና የምትባል ከወላይታ የተመደበች ነርስ ጨርቁን ፈታችና እግሩን ስታይ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም።

«እማማ፣ እኛ አገርም ሞልቷል» አለች። «ቀይ አፈር ነው የሚያመጣው። በባዶ እግር ብዙ ዓመት የረገጠውን ሰው ነው የሚይዘው። በየቀኑ በሳሙና ይታጠቡት፣ ቅባት ይቀቡት፣ ካልሲና ጫማ ያድርጉ፤ ይቀንስልዎታል። ጭቃ ውስጥ ግን ከእንግዲህ በባዶ እግር አይግቡ።»

«ልጄስ?»

«ጫማ እያደረገች ካደገች ምንም አይነካትም።»

ይርጋነሽ አለቀሰች። ሰባት ዓመት ስትጠባበቅ የኖረችውን ቃል ሰማች። ነርሷ ቀጠለችና «ከፈለጉ ለአማቾችዎ እኔ አስረዳቸዋለሁ» ስትል ግን እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለች። «በሚካኤል፣ እንዳታደርጊው! አንቺ አፈር ነው ትያለሽ፤ እነሱ የሚሰሙት ‹እግር› የሚለውን ብቻ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ትእዛዝ አክብራ ከጭቃ ራቀች። ጉድጓዱን አስቆፍራ፣ አፈሩንና ጭዱን አስደባልቃ፣ ቡትስ ያደረገ የቀን ሠራተኛ ቀጠረችበት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰውዬው ሲረግጥ እሷ ከዳር ሆና በአፍንጫዋ ታሸት ነበር። «ምኑም አላማረኝ» ትለኛለች። እኔ «አንቺ መቼም የሌላ ሰው ሥራ አያምርሽም» ብዬ አላገጥኩባት።

ደቦው በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ በዓል ያልሆነ ቀን ተፈልጎ ተጠራ። ከሞጣ በአይሱዙ ተጭነው የሙሽራው ሰዎች መጡ፤ መሪጌታ ራሳቸው፣ እህታቸው አምሳለች፣ አሥር ያህል ጎረምሶች። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እየዘፈኑ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ። ሌሎቻችን ጭቃውን እየተቀባበልን ጭዱ ላይ መምታት ጀመርን።

የመጀመሪያው ልጥፍ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። ጭዱ ጭቃውን አልቀበልም አለ፤ የተያዘውም ላይ ላዩን ነው። የሞጣዎቹ ጎረምሶች ይስቃሉ፤ እኔ ላብ አጠመቀኝ። ይርጋነሽ ከዳር ሆና «አሮጌ ጭድ ጨምሩበት! በጣታችሁ ፈልጉት እንጂ አትጨፍሩበት!» እያለች ትጮሃለች። ማን ይገባዋል? አንዱ ጎረምሳ «ግድ የለም፣ ሲደርቅ ይይዛል» አለ። ግድግዳውን አየችው። እኔም ምን እንዳየች አውቃለሁ፤ ክረምት ሲገባ የሚበሰብስ ቤት፣ ከውስጡ ልጇ።

አጠገቤ መጥታ ድምጿን ቀንሳ «ጭቃ ውስጥ ያለ እግር አይታይም» አለችኝ። ወደ ጓሮ ዞራ ጨርቁን ፈታች፤ ቀሚሷን ሳትሰበስብ ፈጥና ገብታ እስከ ጉልበቷ ሰጠመች። ጎረምሶቹን አስወጣቻቸው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሥራ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ጭድ አስጨመረች፣ ውሃ አስጨመረች፣ ከዳር እስከ ዳር እየዞረች በተረከዟ እየቀጠቀጠች፣ በጣቶቿ እየፈተለች ሁለት ሰዓት ረገጠችው። «አሁን ሞክሩት» አለች። አንድ እፍኝ አንስቼ በመዳፌ ጫን አደረግኩት፤ ጭዱ መሃል ገብቶ ቀረ። ሁሉም እልል አለ። መሪጌታ ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ተነስተው «እጅሽ ይባረክ» አሏት።

ልጇን የምትድርልህን ሴት ማክበር ደግ ነገር ነው፤ አምሳለችም ደግ ሴት ናት። ይርጋነሽ ገና ከጉድጓዱ ስትወጣ በጆግ ውሃ ይዛ ሮጠች። «ዛሬማ የማስታጥብሽ እኔ ነኝ፣ የልጃችን እናት!» አለች። ይርጋነሽ «ተይ፣ ተይ» ስትል ሰው ሁሉ የትሕትና መስሎት ሳቀ። አምሳለች ጎንበስ ብላ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አፈሰሰችው። ጭቃው ታጥቦ ሲወርድ እግሩ ወጣ።

አምሳለች ጆጉን መሬት አስቀመጠችና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ቀደም ሲል ጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት ጎረምሶች አንድ በአንድ ወደ ውሃው ሄደው እግራቸውን ማጠብ ጀመሩ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ታጠበ። መሪጌታ እግሯን አይተው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ምሳ ቀረበ፤ በሉ፤ መረቁ፤ መንገዱ እንዳይመሽብን ብለው በጊዜ ሄዱ። ሽመክት የዚያን ቀን ሉማሜ ለሥራ ተልኮ ስለነበር ይህን ሁሉ አላየም። ግድግዳውን እኛ የቢቸና ሰዎች በሦስት ቀን ጨረስነው።

በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች ከሞጣ መጡ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ስለ እግር አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«መሪጌታ እንደገና ቢቆጥሩ» አለ ታላቁ፣ «ወለተ ገብርኤል በምትባል ሴት በስድስተኛው ቤት ተገናኘን። ወንድምና እህት ማጋባት ሊሆንብን ነው። እግዜር ባይፈቅደው ነው እንጂ ልጅቱንስ ወደን ነበር።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ይርጋነሽ። ገብቷታል። እኔም ገብቶኛል። በእኛ አገር ጋብቻ የሚቆረጥበት ከዚህ የተሻለ ቢላ የለም፤ የማንም ስም አይነሳም፣ ማንም አይሰደብም፤ እንዲያውም ዘመድ ሆናችሁ ትለያያላችሁ። ስርጉት ግን የሰማችውን አመነች። በዝምድና ያለ ሰው መውደዷ ኃጢአት መስሏት የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። ስግደት አዘዙላት። ያላጠፋችውን ጥፋት ስትሰግድበት እናትየው በር ላይ ቆማ ታያት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሽመክት ብቻውን በሞተር መጣ። እኔ የአዲሱን ቤት በር እየገጠምኩ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«እትዬ ይርጋነሽ፣ አባቴ ያሉት እውነት ነው? ይህችን ወለተ ገብርኤል ያውቋታል?»

የይርጋነሽ አባትና የእኔ አባት የአንድ ደብር ልጆች ናቸው። ዘሯን እንደ ራሴ ዘር አውቀዋለሁ፤ ወለተ ገብርኤል የምትባል ሴት በዚያ ዘር ውስጥ የለችም። መዶሻውን ይዤ አየኋት። እሷ አላየችኝም።

«አውቃታለሁ፣ ልጄ» አለች። «የእናቴ ቅድመ አያት ናት። ከሞጣ ወዲያ መጣች ሲባል እሰማ ነበር። እንዴት እንደረሳኋት!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

መዳፉን ገና እርጥበቱ ባልለቀቀው ግድግዳ ላይ አሳረፈ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ተቆጣኋት። ምን ሆነሽ ነው አልኳት፣ አብደሻል አልኳት። «ምን ልበል?» አለችኝ። «ለጨዋ ደንብ አባቱ ልከውት ነው የመጣው። ዘመድ አይደለንም ብዬ ብነግረው ‹ታዲያ አባቴ ለምን ዋሹ?› ይላል። መልሱ እግሬ ነው። ይህ ከተወራ ወዲያ ስርጉትን ማን ይጠይቃታል?» ነገር ግን የልጁ ዓይን የተላከ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ይህን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። በሚካኤል ምያለሁ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ እንጂ ፈሪ ሆኜ ነው።

ስርጉት ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ሄዳ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት ሰው ነበር፤ እሷ ናት እንቢ ያለችው። ይርጋነሽ ነርሷ እንዳዘዘቻት እግሯን ታጥባለች፣ ትቀባለች፤ እብጠቱም ቀንሷል። ጭቃ ትታለች። የጭድ ቤቱ ሁለት ክረምት አሳልፎ አንድ ስንጥቅ የለበትም፤ ማንም ግን አይኖርበትም።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ከይርጋነሽ ጋር ደጃፏ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሽመክት መጣ። ሳሙናና ቅባት በፌስታል ይዟል።

«ስርጉትስ?» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ደህና ናት፤ አዲስ አበባ ናት።»

ተቀመጠ። «አክስቴ፣ ሳልጠይቅዎ ቆየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ይሄ ለእግርዎ ነው። ያን ጊዜውኑ አምሳለች ነግራኝ ነበር። እኔ ምን እንዳልል ነው የደበቁኝ? አፈር የሚያመጣው ነገር እንደሆነ በሥልጠና ተምረነዋል። አባቴን ለእግር ብለው ነው የሚያስቀሩኝ ብዬ ተጣልቻቸው ነው ያን ቀን ወደ እርስዎ የመጣሁት። እግሩማ ምኔም አልነበረም፤ የቆረጠኝ ዝምድናው ነው። እርስዎ ራስዎ ባይነግሩኝ ኖሮ አባቴን አላምናቸውም ነበር።»

ይርጋነሽ «እንዲያ ነው?» አለች።

እሱ ምንም ሳያስተውል ወሬውን ቀጠለ። ጥር ላይ አግብቷል፤ ሚስቱ እርጉዝ ናት። ይርጋነሽ ምርቃት ሲጠይቃት መረቀችው። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችውና ተመልሳ መጣች።

«ልጥራው?» አልኳት። «አሁኑኑ ልጥራው? መሐላውን በራሴ ላይ እወስደዋለሁ።»

«አግብቷል እኮ፣ የኔሰው። ያቺ ሚስቱ ምን አደረገች?»

ስልኳ ጮኸ። ስርጉት ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ይርጋነሽ ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምታናግራት፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሽመክት መጥቶ ነበር» አለቻት። «ቅባት አመጣልኝ። ዘመድ አይደል፣ መጥቶ ጠየቀኝ።»

«እኔንስ ጠየቀ?» አለች ስርጉት።

«መጀመሪያ የጠየቀው አንቺን ነው» አለች እናቷ። «‹እህቴ ደህና ናት ወይ?› አለ።»